ስለ ኦቫሪዬ ኮሪደሩን ላማከሩት ሐኪም

ለተከበሩ የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን እንኳ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ ቀኝ ኦቫሪዋ፣ ማለትም እንቁላል ማምረቻዋ፣ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ሲያስጮሃት የኖረችው የአልጋ ስምንት ታማሚ ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ የዞረብኝ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ፈትተን ብቻ አንተወውም፤ ዳግም እንዳይዞር ቦታው ላይ በክር እንሰፋዋለን» ማለትዎን አልረሳሁትም። እኔም እሺ ብዬ፣ እንደ አባት አምኜዎት ተኛሁ። ስለሆነም ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሆዴ ተከፍቶ እኔ በማደንዘዣ እንደተኛሁ፣ ጓንትዎን አውልቀው ወደ ኮሪደሩ ብቅ በማለት አክስቴን «እንስፋላት ወይ?» ብለው ስለጠየቁልኝ። አክስቴ ደግ ሰው ናት፤ ስለ ሆድ ዕቃ ግን የምታውቀው የራሷን ጨጓራ ብቻ ነው። «ኧረ በሞቴ! ልጅቷ ገና አልወለደችም፣ የተሰፋ ነገር እንዴት ይወልዳል?» አለች፤ እርስዎም የትልቅ ሰው ቃል አክብረው፣ ፈትተው ብቻ ሳይሰፉ ዘጉኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ስነቃ «ሁሉም በደንብ አልቋል» ስላሉኝ። እኔ ሞኟ ተሰፍቶልኛል ብዬ፣ ሕመሙ ሲመለስ ጋዝ ነው እያልኩ ዋልኩ። ሆስፒታል ስደርስ ኦቫሪው ዳግም ዞሮ ጠቁሮ ነበር፤ አውጥታችሁ ጣላችሁት።

ሦስተኛውን በምስጋና መልክ መጻፍ አቃተኝ። ክር ማጣቴ አይደለም ያንገበገበኝ፤ ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኔ አፍ እያለኝ፣ የእኔ እሺታ ከኮሪደር ወሬ ማነሱ ነው ያቃጠለኝ። ከዱኝ፣ ዶክተር።

አሁን ደግሞ ግራው አንዴ ዞሮ በራሱ ተመልሷል ብለውኛል። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ልጅ የማቀፍ ተስፋዬም እሱው ላይ ነው። ሌላ ሐኪም በአካባቢያችን ስለሌለ፣ ሐሙስ እዚያው እርስዎ እጅ ላይ እተኛለሁ። ሳይሰፉልኝ እንዳይዘጉኝ ከወዲሁ፣ በአደባባይ፣ በሙሉ አእምሮዬ እሺ ብያለሁ።

እስኪሰፋ ድረስ ወዲያ ወዲህ በሚል አክብሮት፣
የአልጋ ስምንት ታማሚዎ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ብቻዬን ነው የምመጣው። አክስቴ «ዶክተሩ ራሳቸው ሲጠይቁኝ የማውቅ መስሎኝ» እያለች ስለምታለቅስ ቤት ትቆያለች። እንደ ልማድዎ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ካሉ የሚያገኙት ወንበሩን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አስቀድሜ ጠይቄልዎታለሁ፤ ይሰፋላት ብሏል።