የእናትህ ጉድጓድ ውኃ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 28 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ ክንዱ፣

«ውድ» ያልሁህ ከልማድ ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ ለአንተ የሚሆን አጣሁ። የምጽፍልህ ከእናትህ ቤት ነው፤ እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠዋል። በፖስታ አልልከውም። ጎረቤታችሁ ኑርሑሴን ለንግድ ወደ ናዝሬት ስለሚወርድ እጅህ ላይ ያደርስልኛል።

ፋሲሎ ሰፈር ቤት ሠርተህ እናትህን ከቆላ ድባ ስታመጣቸው እኔና አንተ ከተጫጨን ስድስት ወራችን ነበር። አንተ የፋብሪካው ቦይለር ክፍል ቴክኒሻን፣ እኔ የዚያው ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ። የቧንቧ ውኃ እሰፈሩ ስላልደረሰ ጉድጓድ አስቆፈርህ። ውኃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ግን ኖራ የበዛበት፣ ጠጣር የሚሉት ዓይነት ሆነ። ሳሙና አረፋ አላወጣ አለ። ማንቆርቆሪያው ወር ሳይሞላው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያዘ። እናትህ የአንተን ቱታ ሲያሹ እጃቸው ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ እንስራ አዝለው ወደ ጣና መውረድ ሲጀምሩ ሁለታችንም አፈርን።

ውኃውን በጠርሙስ ወስጄ መረመርሁት። ከዚያ አንድ እሑድ ሙሉ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ምን እንደሚሻል ተከራከርን። ማፍላቱ ማገዶ ይፈጃል። ከቆርቆሮው የዝናብ ውኃ ብናጠራቅም በጋው ሳይጋመስ ያልቃል። እኔ የልብስ ሶዳ ይበቃል አልሁ፤ ለማጠቢያው ውኃ በልኩ ጨምሮ፣ እስኪረጋ ጠብቆ፣ ከላይ የጠራውን መቅዳት ነው። አንተ ግን እንደ ፋብሪካው ካልሆነ አልህ። እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለር በኖራ እንዳይደፈን ውኃው የሚያልፍበት ታንከር አለ፤ ውስጡ ሬዚን የሚሉት፣ ሰናፍጭ የሚያካክል ቢጫ ፍሬ ነው። ፍሬው ኖራውን ይዞ ያስቀራል፤ ሲደክም በጨው ውኃ ታጥቦ ይታደሳል። አሮጌው በአዲስ ተተክቶ፣ በጆንያ ሆኖ ከመጋዘኑ ጀርባ ወድቆ ነበር። «ለእናቴ ከዚህ የሚያንስ አላደርግላትም» አልህ። ወደድሁህ፤ ተሸነፍሁልህ።

የክፍል ኃላፊውን አቶ ሣህሉን አስፈቅደህ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ። በጽሑፍ እንደፈቀዱልህ፣ ወረቀቱም እጅህ ላይ እንዳለ ነገርኸኝ። ታዲያ ለምን በእኔ ቦርሳ ይወጣል ስልህ፣ ጥበቃዎቹ የላቦራቶሪ ናሙና ስለማይፈትሹ ያለ ንትርክ ያልፋል አልህ። አመንሁህ። በአራት ቀን አመላልሼ አወጣሁት።

በርሜሉን አንተ በየድህ፤ ጠጠሩንና አሸዋውን እኔ አጥቤ አነጠፍሁ። የመጀመሪያው ውኃ ሲወርድ እናትህ ሳሙናውን ቢያሹት አረፋው እስከ ክርናቸው ወጣ። ሳቁ። ታላቅ ወንድምህ በ1970 ከቤት እንደወጣ ከቀረ ወዲህ ሳቅ እንደራቃቸው ነግረኸኝ ነበር፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ወር አንድ ሰው ጠቆመ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የቁጥጥር ሰዎች መጥተው በርሜሉን ነቅለው ወሰዱት፤ እናትህን ለጥገና ነው አልሃቸው። በማግስቱ እኔና አንተ በፋብሪካው አዳራሽ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ቆምን። አቶ ሣህሉ ተጠየቁ፤ ለማንም ፈቃድ አልሰጠሁም አሉ። ወረቀት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ወደ አንተ ዞርሁ። እኔን ሳታይ ለሰብሳቢው እንዲህ አልህ፦

«እኔ የማውቀው ነገር የለም። ለእናቴ አምጥታ የተከለችው እሷ ናት።»

ድምፅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እናትህ ትዝ አሉኝ። አንዱን ልጃቸውን ሳይቀብሩ አጥተዋል፤ የቀረሃቸው አንተ ብቻ ነህ። የሕዝብ ንብረት ዘረፋ፣ አሻጥር ተብሎ የተነሣ ነገር ሰውን የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ እንደ ማመን ተቆጠረና ሰባት ወር ታሰርሁ።

የጠያቂ ቀን በመጣ ቁጥር በሩን ሳይ ዋልሁ። አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልህም። ስፈታ አንተ በእድገት ወደ ናዝሬት ተዛውረሃል፤ እኔ ከሥራ ተሰናብቻለሁ። እናትህን መንገድ ላይ ባገኛቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ለካ ሌላ ሰው ወዳ አዲስ አበባ ገባች ብለሃቸው ኖሯል። ይህንንም ከሰው ሰምቼ ዋጥሁት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ራሳቸው ቤቴ መጡ። ከአንተ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ዘወትር የሚያነቡላቸው መሪጌታ አምባቸው ግን ለመድኃኔዓለም በዓል ወደ ደቅ ደሴት ተሻግረዋል። «ቅያሜዬ እንዳለ ነው፤ ግን የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ማደር አልቻልሁም። አንብቢልኝ» አሉ። አነበብሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሜን አየሁት። መዝለል እችል ነበር፤ አልዘለልሁትም።

«አገርነሽ ተመልሳ እንደሆነ ደጅዎን አያስረግጧት። የመንግሥት ንብረት ሰርቃ ታስራ ነው የኖረችው። እንዳያዝኑ ብዬ ነበር የደበቅሁዎ።»

ክንዱ፣ ይህን በገዛ አፌ ነው ያነበብሁላቸው።

እናትህ ምን እንደሰረቅሁ ጠየቁኝ። በርሜሉ ውስጥ የነበረውን አልኋቸው።

«የእኔን ውኃ ያለሰለሰውን?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሱ አይደል እንዴ በገዛ እጁ የበየደው?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ወረቀቱን፣ ቦርሳዬን፣ አዳራሹን። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ነገ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ስመጣ ሶዳም ይዤ መጣሁ። ለአንድ ባልዲ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ፣ ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አሳየኋቸው። ያኔ ይህንኑ መርጠን ቢሆን ዛሬ በአንድ ቤት በኖርን ነበር ብዬ ተቆጨሁ። ቆይቼ ደግሞ፣ በዚህ ባትክደኝ በሌላ ትክደኝ ነበር አልሁና ቁጭቱን ተውሁት።

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ቃል ነው። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁት፤ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

«ልጄ፣ ወልጄሃለሁና አልረግምህም። ለፋሲካ ግን ቤቴ አትምጣ። መጀመሪያ እዚያ አዳራሽ ግባና ያን ቀን የሰሙህ ሰዎች ባሉበት እውነቱን ተናገር። ያስሩኛል ብለህ ትፈራ ይሆናል፤ ሊያስሩህም ይችላሉ። ቢያስሩህ፣ ለእሷ ሳላመላልስ የቀረሁትን ስንቅ ለአንተ አመላልሳለሁ።»

አገርነሽ