ከአባዬ አልጋ ሥር

እህቴ ሞራግ፣ ባለሽበት ጤናና ሰላም ይብዛልሽ። እማዬ ለመጻፍ አቅም ስላጣች የምትለውን እኔ እጽፋለሁ። የአውስትራሊያ ፀሐይ ክፉ ነው አሉ፤ ኮፍያ ሳታደርጊ አትውጪ ትልሻለች።

አባዬን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ አልሞቅ ብሎን ነበር። ማሞቂያው ውስጥ ውሃ ጨምረን ግፊቱን ብናስተካክልም በማግሥቱ መለኪያው ዜሮ ላይ ይገኛል። የቧንቧ ሠራተኛው ጊልክሪስት ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር ሙቅ ውሃ ወደየክፍሉ ከሚያደርሱት ቧንቧዎች የሚያገናኙትን መዝጊያዎች ዘግቶ አሳደረው፤ የቦይለሩ ግፊት አልወረደም። "ቦይለሩ ደህና ነው፤ የሚያፈሰው ወለሉ ሥር ነው" አለን። ሲፈልግ ቆይቶ እርጥበቱን አባዬ ታሞ በተኛበት ክፍል፣ ከአልጋው ሥር አገኘው።

"ያን አልጋ ማንም አይነካውም" አለች እማዬ።

"ኤስፔት፣ እኔም ባልነካው ደስ ይለኛል" አላት። "ግን ይሄ ልጅ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሶ ነው የሚያጠናው።"

እማዬ አየት አደረገችኝና አንሶላውን ራሷ አነሳችው።

አሁን ቧንቧው ተጠግኗል፤ ቤቱም ሞቋል። አልጋው ግን ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ በጎኑ እየተሹለከለክን እናልፋለን። ለፋሲካ ብትመጪ፣ ወደ ቦታው እንመልሰው ወይስ ይውጣ የሚለውን ሦስታችን እንድንወስን እማዬ ትለምንሻለች። እስክንተያይ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ፈርገስ