የሳጥኑ ክዳን ቀኝ ጎን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ደረጃውን ብቻዋን እንዳትወርድ አደራ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ነቀዝ ሳይጨርሰው ቅጂ አሠሪልን ብለሽ የላክሽው የሳጥን ክዳን በደህና ደርሶኝ ነበር። ግራውን አባባ፣ ቀኙን ሟቹ ወንድማችን በአሥራ ሰባት ዓመቱ እንደቀረጹት፣ እማዬም በየማለዳው ቀኙን እየዳበሰች "ልጄ" እንደምትለው ላንቺ አልነግርሽም።

እዚህ ወርክሾፕ ሥራችን ከእንጨት ላይ ጎልቶ የወጣውን ቅርጽ በካሜራ እያነሳን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። እዚያ አበባውን ከፍ ዝቅ፣ ሐረጉን ወፈር ቀጠን እናደርገውና ማሽን ይቀርጸዋል። ካሜራው የሚያብለጨልጭ ነገር አጥርቶ ስለማያነሳ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት እንነፋበታለን። የእኛም ክዳን ላይ በምሳ ሰዓት ነፋሁበትና አነሳሁት። ቁልጭ ብሎ ወጣ። የወንድማችን መሮ ያዳለጠበት ቦታ ሳይቀር ታየኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ዱቄቱን እንደ ልማዴ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። እኛ ጋ የሚመጣው እንጨት ጤነኛ ነዋ! የእኛው ግን ውስጡ ተበልቶ ኖሮ ቀኙ ጎን ከነአበባው ጨርቁ ላይ ፍርክስክሱ ወጣ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ብዬ ተጽናናሁ። ከሰዓት በኋላ አለቃችን ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ፤ ሸካራ ነገር ስለማይወድ ሞረድ ነው የምንለው። ግራው ግሩም ነው፣ ቀኙ ግን ተንጋዷል፣ ግራውን ገልብጠሽ በቀኙ ቦታ አድርጊውና ለደንበኛ ላሳየው አለኝ። የወንድሜ እጅ ነው ማለት አቃተኝ። ገለበጥኩት። ሌላ ስም ሰጥቼ ማስቀመጥ ሲገባኝ በዚያው በፊተኛው ስም አስቀመጥኩት። በማግስቱ የወንድማችንን ቀኝ ጎን ብፈልገው የለም። ሲቀልድ የሚውለው የማሽን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ፈልጎልኝ፣ ያለ ቀልድ፣ በላዩ ላይ ስላስቀመጥሽበት አይመለስም አለኝ። በአንድ ቀን ሁለቴ አጠፋሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ቀኙን ከትዝታዬ ልሠራው ስታገል ሰነበትኩ። አበባው ይወጣል፤ መሮው ያዳለጠበትንም አስመስዬዋለሁ። ለሚያይ ሰው ያሳምናል። እማዬ ግን በጣቷ ነው የምታውቀው። መንገድ ላይ ጠፋ በያት ብዬ ልለምንሽም አስቤ ነበር። በእሷ ላይ ይህን ማድረግ አልሆነልኝም። ያስመሰልኩትን ትቼ፣ ከክዳኑ የተረፈውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልኬያለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። የእናቷን ጫማ አድርጋ መዞሩን አሁንም አልተወችም? ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አታድርሽልኝ። ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፤ ምንም ሳትዘይ።

ታናሽ እህትሽ
ከወርክሾፑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን