የጋቢናው እርጥበትና የእማማ ጥሩነሽ ባዘቶ

ሰኞ

ማንም አይስማብኝና፣ ዛሬ ጠዋት ጣቴን የመኪናዬን ወለል አስነክቼ ግንባሬን ተቀባሁ። ሁለት ጊዜ። ጎረቤት እንዳያየኝ የወደቀ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ ነበር ያጎነበስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋቢና የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ምንጣፍ ሰሞኑን ረጥቦ ነው የሚገኝ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ባለፈው ከደረስጌ ጠበል ቀድተው ሲመለሱ ጀሪካኑን ያስቀመጡት እዚያው ላይ ነው። በቃ፣ ጠበሉ ፈሷል አልን። ጠበል ደግሞ አይረገጥም። ልጥረገው ብል ጨርቁን የት እጥለዋለሁ? ስለዚህ ጋቢና የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። እኔም ከአክብሮት ብዬ በካልሲ እየነዳሁ ሰነበትኩ። ደባርቅ ላይ፣ በዚህ ብርድ!

የገረመኝ አለመድረቁ ነው። ጎረቤቴ «በረከቱ ነዋ!» አለች።

ሐሳቤ ሌላ ነው። ቅዳሜ እህቴን ሰናይትን ጎንደር ሆስፒታል ማድረስ አለብኝ። በኦፕሬሽን ነው የምትወልደው፤ ሐኪሙ ምጥ ሳይጀምርሽ ድረሺ ብሏታል። ባሏ ለሥራ መተማ ነው። ያላት እኔና ይቺ መኪና ነን።

ማክሰኞ

እማማ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ከነበሩበት ከዳባት ተመለሱ። ወሬውን ሲሰሙ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ማን ነው የኔ ጀሪካን ያፈሳል ያለ?»

«እማማ፣ ማንም አላለም፤ ምንጣፉ ስለረጠበ…»

«አንች ልጅ፣ እኔ ክዳን ሳላጠብቅ ጠበል የምሸከም ሴት ነኝ?»

ጀሪካኑን አስመጡ። ውሃ ሞሉት፣ ክዳኑን አጠበቁት፣ ነጭ ነጠላ ላይ በአፉ ደፉት። ከዚያ ዱካ መቀመጫቸውን ስበው ፊት ለፊቱ ቁጭ። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ እንደ ዘብ ጠበቁት። ወደ ማታ ሲያነሱት ነጠላው ደረቅ!

«በይ፣ አሁን ስሜን መልሽልኝ!»

ስማቸውን መለስኩ። ሳቄን ግን አልቻልኩትም። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ጠበል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ተነስቼ ግንባሬን በሳሙና ታጠብኩ።

ረቡዕ

መካኒኩ ሙሉጌታ መጣ። የሙሉጌታን ወሬ የማያውቅ ደባርቅ ውስጥ የለም፤ ብሎን እየፈታ የሰው ሠርግ ያወራል። አይቶ አይቶ «ዝናብ ነው፤ በፊት መስታወቱ ጎማ በኩል ይገባል» አለ። በጎማ ቱቦ ውሃ ልልቀቅበትና እንየው፣ ከውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን ያስፈልጋል ሲል፣ እማማ ቀድመውኝ ገብተው በሩን ዘጉ።

ያንን ትዕይንት ምነው ፎቶ ባነሳሁት! ውሃው መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ እማማ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሰው ይጮኻሉ።

«ምንም የለም! ጨምር!»

«እማማ፣ ይበርድዎታል፣ ይውጡ።»

«አርፈህ አፍስስ! ሠርግ ላይ ያለህ መሰለህ?»

የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሳቀ፣ ሙሉጌታም ሳቀ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ወጥተው እጃቸውን አራገፉና፣ «ዝናብም ነፃ ነው» አሉ፤ ልክ እንደ ዳኛ።

ማታ ሰናይትን ከቤቷ ወደ እኔ ለማምጣት ሂተር ከፍቼ ነዳሁ። ስደርስ ምንጣፉ እንደገና ረጥቧል። መስታወቱም ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ስነካው ያጣብቃል። ሽታው ጣፈጥ ይላል። ቀፈፈኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አወራዋለሁ።

እማማ ከመሶበ ወርቃቸው ባዘቶ አወጡ፤ ለመፍተል ያዘጋጁትን ያንን እንደ ደመና የለሰለሰ ጥጥ። ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ጎሰጎሱት፦ በሩ ጥግ፣ መስታወቱ ሥር፣ ፔዳሉ አጠገብ፣ ሙቅ አየር የሚነፋው ሣጥን ሥር።

«ሌባ ሲገባ ዱካ ይተዋል» አሉ። «በይ ሂተርሽን ክፈችና ንጂ።»

ዳባት ደርሰን ተመለስን። ሙሉጌታ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ባዘቶውን አንድ በአንድ አወጡት። ነጭ። ነጭ። ነጭ። ከሂተሩ ሥር ያለችው ግን እንደ ጎመን ውሃ አረንጓዴ!

ሙሉጌታ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተር ማቀዝቀዣውን አረንጓዴ ውሃ አየ። ግማሽ የለም። «የሞተሩ ውሃ የሚያልፍበት የሂተሩ ራዲያተር ተበስቷል። በዚህ ብትወጡ ኖሮ አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ላይ ሞተሩ ይቀቀል ነበር» አለ። የወሬኛውን የሙሉጌታን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። ቀጥሎም፣ «ይሄ ውሃ መርዝ ነው፣ እጃችሁን ታጠቡ።»

እማማ አዩኝ። «ምነው ግንባርሽን ያዝሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

የሚቀየረው ዕቃ ደባርቅ የለም። እስከ ቅዳሜ አይደርስም።

ዓርብ

ሰናይት «በሚኒባስ እሄዳለሁ» አለች። በዚያ ሆዷ፣ በዚያ መጨናነቅ! ወዲያው ተነስቼ ወደ ሙሉጌታ ሄድኩ።

ሲያስብ አድሮ ኖሯል። ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች ነቅሎ እርስ በርስ አገናኛቸው። ውሃው ሂተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የጎደለውንም ሞላው። «ውሃ አይጠፋችሁም፣ ሙቀት ግን የላችሁም» አለ።

«ጋቢ እያለ?» አሉ እማማ።

ምንጣፉን ነቅዬ አጠብኩ። ዳባት ደርሰን ስንመለስ ባዘቶው በሙሉ ነጭ ነበር። ሙሉጌታ «እማማ፣ ጋራዥ አብረን እንክፈት» ቢላቸው፣ «አንተ ወሬህን ከቀነስክ» አሉት። በሁለቱም ኮራሁ። የቀረን አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ነው፤ እሱ አልተሞከረም።

ቅዳሜ፣ ኮሶዬ

ሞተሩ ትንሽ ይረፍ ብለን መንገድ ዳር ቆመን ነው የምጽፈው። ዳገቱን ወጣን!

ማለዳ ስንነሳ እስትንፋሳችን ይታይ ነበር። ሰናይት ከኋላ በጋቢ ተጠቅልላ፣ እማማ ጋቢና። ዓይናቸው ከሙቀት መለኪያው አልተነሳም።

«ቀስቷ ከፍ አለች ልበል?»

«አላለችም፣ እማማ።»

«አሁንስ?»

ሰናይት ከኋላ፣ «ኧረ እማማ፣ እኔንም ይጠይቁኝ እንጂ!»

ቀስቷ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ይህቺን ሴት አማት ብሎ ለሰጠኝ አምላክ ምን ልበል? ከጀሪካናቸው ክብር ተነስተው እህቴን እዚህ አደረሱልኝ።

አሁን ግን ሰናይት ወገቧን ይዛለች። «መንገዱ ነው» ትላለች። እማማ አላመኗትም፤ ወደ ኋላ ወንበር ዞረው እጇን ያዙና በዓይናቸው ንጂ አሉኝ። ከዚህ ወዲያ ጎንደር ድረስ ቁልቁለት ነው። እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ በሰዓቱ እንድረስ አንድረስ፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር እጽፈዋለሁ።