በአጥር ስለታሰሩት የቀርከሃ ፈረሶች

ለተከበሩ አቶ ወገኔ አድማሱ
የመስክ ዳር ሰፈር ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
እንጅባራ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ ባለቤትዎ በደስታ፣ ለመጪው የጥር የፈረሰኞች በዓል የሚቀለበው ዳማ ፈረስዎም ጠግቦ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የእኛን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጆሯችን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እንደሚያውቁኝ ቤቴ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሽማግሌ ነኝ። ወደ መስኩ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በመስኮቴ ሥር ነው። የሰፈራችን ልጆች የፈረሰኞቹን በዓል ካዩ ወዲህ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የቀርከሃ ዘንግ እግራቸው መሐል አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ባለቀለም ጨርቅ አስረው፣ ለዘንጉም እንደ ደንቡ ስም አውጥተው፣ እያሽካኩ ወደዚያው ይጋልቡ ነበር። ጩኸታቸው አደናግሮኝ በአንድ የይግባኝ ማመልከቻ ላይ «ተከሳሹ እየጋለበ ችሎት ቀረበ» ብዬ መጻፌን የነገሩኝ ዳኛው ናቸው። ስለዚህ ለኮሚቴዎ አመለከትኩ፤ የለመንኩትም ልጆቹ በደጄ ሲያልፉ ቀስ እንዲሉ ወላጆቻቸው እንዲመክሩልኝ ብቻ ነበር። ላገኘሁት ምላሽ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጆቹ በደጄ የሚያልፉት ወደ መስኩ ለመሄድ መሆኑን ኮሚቴው በጥልቅ መርምሮ ከደረሰበት በኋላ፣ መስኩን በአጥር ስለዘጋልኝ አመሰግናለሁ። በእውነትም ዛሬ በደጄ የሚያልፍ ልጅ የለም፤ ሁሉም እዚያው ደጄ ላይ ይውላሉ። መሄጃ ሲያጡ መንገዱን መስክ አደረጉትና፣ ቀድሞ ለአፍታ እሰማው የነበረውን ግልቢያ አሁን ከቁርስ እስከ እራት እሰማዋለሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

2ኛ. ጩኸቱ መባሱን በአክብሮት ባስታውስዎ፣ ጥበቃ ልከው የልጆቹን ፈረሶች በሙሉ ስላስማረኩልኝ አመሰግናለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እነሱ ግን ዳውላውን እስከ ማሰር አልደረሱም። ጥበቃው ዘንጉን ይዞ የሚያለቅስ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ ትእዛዝ መሆኑን ሲያስረዳው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጁም የማን ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀው እንጂ አልለቀቀለትም። ፈረስ ያጣው ፈረሰኛ አሁን ጀሪካን እየደበደበ በእግሩ ይጋልባል። የተማረኩት ዘንጎችም ያለ ሥራ አልተቀመጡም፤ የአጥሩ ቀዳዳ ተደፍኖባቸዋል። ልጆቹ በዚያ በኩል በሄዱ ቁጥር እያንዳንዱ የራሱን ፈረስ በጨርቁ ለይቶ በስሙ ይጠራዋል።

3ኛ. መስኩ ለሕፃናት መዝናኛ መከለሉን በሩ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ አንብበን ተደስተናል። እስካሁን ሲዝናና ያየነው ግን የእርስዎን ዳማ ብቻ ነው። ቆሰበርን በመሰለ የፈረስ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው የፈረስን ክብር መንገር አያስፈልግም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ዳማውን ይወዱታል፣ በአጥሩ ስንጥቅ ሣር ያቀብሉታል። የቸገረን ፈረሱን በመስክ እየቀለብን ነገ ኮርቻው ላይ የሚወጣውን ልጅ አስፋልት ላይ ማሳደጋችን ነው። ይህንንም ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው ቢያጠናው ደስ ይለናል።

4ኛ. ይህን ቁጥር በምስጋና ልጀምረው ሞክሬ አልሆነልኝም። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የሙሐመድሰዒድ ልጅ አሲያ ባለፈው ሳምንት በዚሁ መንገድ ስትሮጥ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰብሯል። ሾፌሩ አልፈጠነም፣ ልጅቷም አላጠፋችም፤ መንገድ ለባጃጅ፣ መስክ ለልጅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የረሳው ኮሚቴያችን ነው። ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነበረች፤ ስንት ጊዜ በመስኮት ተቆጥቻታለሁ። አሁን እግሯ በጀሶ ታስሮ አባቷ ሱቅ ደጃፍ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ዝምታዋን አልቻልኩትም። ልጠይቃት ብሄድ፣ አያ ይሄነው ማመልከቻ ይጽፉ የለም ወይ፣ ፈረሴን ያስፈቱልኝ አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬም በላይ ንዴት ያዘኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ሌላ ልጅ እስኪገጭ የሚጠብቅ ትዕግሥት ስለሌለኝ፣ ከእንግዲህ የልጆቹ ጸሐፊ ሆኜ የሚከተለውን እጠይቃለሁ፦ የመስኩ በር ይከፈት፤ የታሰሩት ፈረሶች ከአጥሩ ተነቅለው ለየባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ ዳማውም ደስ ካለው ከልጆቹ ጋር ይጋልብ። ስለ ጩኸት ያቀረብኩትን አቤቱታ አንስቻለሁ፤ ይጩኹ፣ ብቻ በእግራቸው ቆመው ይጩኹ።

ለኮሚቴዎ ማስተዋልን፣ ለአጥርዎ ምስጥን ፈጣሪ አብዝቶ እንዲሰጥልን እየለመንኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ባርኔጣዬን በማውለቅ እጅ እነሳለሁ።

ይሄነው ታደገ
የአሲያ ሙሐመድሰዒድና የጓደኞቿ ማመልከቻ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎ ረዥም ደብዳቤ የሚያነቡበት ጊዜ እንደሌለዎት የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ስሜነሽ ስለነገሩኝ፣ እንዳይቸገሩ በማለት ቅጂውን ለልጆቹ ሰጥቻቸዋለሁ። በሩ እስኪከፈት ድረስ ጧት ጧት እርስዎ ደጅ ቆመው ያነቡልዎታል። ማንበብ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ጀሪካናቸውን እየደበደቡ ይቀበላሉ።