የቢዮ ኸራር ውሃ

ድሬ ዳዋ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ሣህሉ፣

«ቅጹን ፈርሚውና እንገላገል» ያልክበት ደብዳቤህ ደርሶኛል። አልፈርምም። ጤናህን ሳልጠይቅ በዚህ መጀመሬ ከፋህ? ይክፋህ።

አዲስ አበባ ወንበር ስላገኘህ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። በጥር የሰፈራውን ቦታ ልንገመግም አብረን ወጣን፤ አንተ አንደኛ ገምጋሚ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ሾፌራችን ዑመር። ቅጹ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነበር፦ ከድርቅ አካባቢ የሚመጡ አራት መቶ አባወራዎች እዚህ አርሰው ራሳቸውን ይችላሉ ወይ? አፈሩን በመዳፍህ አሸት አሸት አድርገህ «ይሄማ ቅቤ ነው!» አልክ። እውነትህን ነበር። የውሃ ጉድጓዱም ሞልቶ ነበር።

ፍየሎቿን ልታጠጣ የመጣችውን ፋርሒያን «ውሃው እንዴት ነው?» ስትላት ሳቀች።

«ስሙን ነግረንህ የለም እንዴ? ቢዮ ኸራር! መራራ ውሃ ማለት ነው። ወላሂ፣ ግመል እንኳን ሌላ ሲያጣ ነው የሚጠጣው።»

አንተም ሳቅክ። ከዚያ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍህ፣ «የቦታው ስም» በሚለው ላይ «ቢዮ ኸራር»፣ ከሥሩ ደግሞ «በቂ ውሃ አለ» ብለህ ሞላህ። አንተ የጠጣኸው ከከተማ ከያዝከው ኮዳ ነው። ከጉድጓዱ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ስንከባለል፣ «የድሬ ልጅ ሆነሽ ውሃ ይጣልሽ?» እያልክ ግንባሬን በእርጥብ ፎጣ ታብስልኝ ነበር። ያኔ እወድህ ነበር፣ ሣህሉ። አሁንም አልለቀቀኝም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ዛሬ ሪፖርቱ ላይ ቢዮ ኸራር የሚባል የለም። ስሙን ሰርዘው «አዲስ ተስፋ» ብለውታል። ኃላፊያችን ባለፈው ሰኞ አስጠርቶ «ጓድ የኔነሽ፣ አብዮቱን ልታደናቅፊ ነው?» አለኝ።

«ጓድ፣ ውሃውን የሚጠጣው አብዮቱ ነው እንዴ? ሕፃናት ናቸው» አልኩት።

የፊታችን ዓርብ ሠራተኛው ፊት ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። አደርጋለሁ። ላንተ አስቀድሜ ላንብብልህ፦ «የእኔ ጥፋት ውሃውን ቀምሼ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ነው። ዝም ያልኩትም ቅጹን የሞላውን ሰው ስለምወደው ነው።» ሌላ የምጨምረው የለም። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ጀሪካን ይደርስሃል። ዑመር ትናንት ማንም ሳያዘው ከጉድጓዱ ቀድቶ አመጣልኝ፤ ባቡር ላይ ለሚሠራ ጎረቤታችን ሰጥቼዋለሁ። ሻይህን አፍላበት። ሦስት ቀን ከሱ ሌላ ውሃ አትቅመስ። በአራተኛው ቀን በእግርህ ቆመህ ድሬ ጣቢያ ከወረድክ፣ ቅጹን አምጣው፤ እዚያው ባቡሩ ሥር እፈርምልሃለሁ። እስከዚያ ፊርማዬን የምታገኘው እዚህ ደብዳቤ ግርጌ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ገምጋሚ፣
የኔነሽ