ቴሌቪዥን የሚበላው ጠርዝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም ብርነሽ፣

ሰላምታዬ ከቀይ ባሕር ማዶ ተነሥቶ ደጀን ድረስ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ከረምሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ክረምቱ ሲገባ ባሰብሽ ወይስ ተሻለሽ? የባለቤትሽ የጋሽ ዘገዬስ ዓይን እንዴት ሆነ፣ የታዘዘላቸውን ጠብታ አገኙ? ልጄን ቤዛዊትን ሳሉ ለቀቃት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ በቀለላት? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። በየደብዳቤው ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ እልሽ ነበር። ዘንድሮ ግን ከናፍቆቱ ሌላ የያዘኝ ነገር አለ፤ ቅናት ነው። የምቀናውም በሩቅ ሰው አይደለም፣ ባንቺ ነው። ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የፋሲካ ዕለት ስደውል የሆነውን ታስታውሻለሽ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ አክስቴ እንኳን አደረሰሽ አለችኝ። አንቺ ከኋላ እናትሽ እኮ ናት ስትያት ሰማሁ፤ እሷም እናቴማ አንቺ ነሽ ብላሽ ሳቀች። ያን ጊዜ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል። አልተቋረጠም፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በቅናት ድብን አልኩ። የታጠበውን ሰሃን መልሼ ሳጥብ አሠሪዬ ማዳም አይታኝ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳስረክብሽ ዓመት ከመንፈቋ ነበር፤ አሁን ሰባት ሊሞላት ነው። ትኩሳቷን ያስታመምሽ፣ ፀጉሯን የጎነጎንሽ፣ ትምህርት ቤት ያደረስሽ አንቺ ነሽ። ማወቁ ግን አያበርድም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። እዚህ ሰው ሁሉ ፎቶውን በዲቪዲ እያሠራ ወደ አገር ቤት ይልካል፤ ዴክ ውስጥ ሲከቱት ፎቶዎቹ በዘፈን ታጅበው አንድ ባንድ ይመጣሉ። እኔም በየጊዜው በሰው እጅ የላክሽልኝን የልጄን ፎቶዎች ሰብስቤ፣ የራሴን ጨምሬ፣ አንድ የሷ አንድ የኔ እያደረግሁ ላሠራ አሰብኩ። ደጋግማ ስታየው እናቷ ማን እንደሆነች ዓይኗ ይለምዳል ብዬ ነው። ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አውቶቡስ ይዤ ፋርዋኒያ የሚባል ሰፈር፣ ሐምዛ ዘንድ ሄድኩ። ሐምዛ የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ የምናደርገውን የሐበሻ ሠርግና ክርስትና በዲቪዲ የሚሠራልን እሱ ነው።

የዲቪዲ ጣጣው ብዙ ነው እታለም። መጀመሪያ ነገር ባንድ ዙር ከዘጠና ዘጠኝ ፎቶ በላይ አይቀበልም አለኝ። እኔ ሁለት መቶ ያህል ይዤ ስለነበር ሱቁ ወለል ላይ ዘርግቼ ስመርጥ ዋልኩ። ስመርጥ ነው የገባኝ። የልጄ ፎቶ ሁሉ ውስጥ አንቺ አለሽ። የልደቷ ዳቦ ሲቆረስ እጇን ይዘሽ፣ የጥምቀት ዕለት ከጎኗ ቆመሽ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመረቅ እሷ ጋውኗን ለብሳ አንቺ አበባዋን ታቅፈሽ። ብቻዋን ያለችበት ስድስት እንኳ አልሞላም።

የኔዎቹን ደግሞ በስልክ ያነሳችኝ ሙፊዳ ናት። ሙፊዳ እዚሁ ቤት ምግብ የምታበስል የጅማ ልጅ ናት፤ የምናድረውም አንድ ክፍል ነው። ሁሉንም ስልኩን አቁማ ነው ያነሳችው። እንዲህ የተነሳ ፎቶ የቴሌቪዥኑን ወርድ ስለማይሞላ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ፋሐሂል የሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳርቻ ላይ የተነሳሁት እንኳ ባሕሩ ጠፍቶ በሁለት መዝጊያ መሃል የቆምኩ እመስላለሁ። አንቺ ያለሽባቸው ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። እስቲ ፍረጂ፣ መሣሪያ እንኳ ላንቺ ያደላል?

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ልናዘዝልሽ። ሐምዛ አሮጌ ቴሌቪዥን የፎቶውን ጠርዝ ስለሚበላ ሰው ዳር ላይ መሆን የለበትም ብሎ አስጠነቀቀኝ። የናንተ ቴሌቪዥን ያ ከኋላው የሚወፍረው አሮጌው መሆኑ ትዝ አለኝ። ፎቶዎቹን አጉላና ሁልጊዜ በስተግራ የምትቆመውን እህቴን ወደ ግራው ዳር ግፋልኝ አልኩት። ሐምዛ ትክ ብሎ አየኝና፣ ሰው ሁሉ ዳር የቀረውን አስገባልኝ ይለኛል፤ አስወጣልኝ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ አለ። ከጠየቅሽኝ የበላሽ ቴሌቪዥኑ ነው ልልሽ ነበር ሐሳቤ። ማጉላቱም ገደብ አለው፤ ሲበዛ የልጄ ፊት ተበጣጥሶ ትንንሽ ካሬ ሆነ። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ እጅሽ ቀረ፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈ፣ ባለቤት የሌለው እጅ። ይሁን ብዬ ዲስኩ ላይ አስጻፍኩት። ዲስኩ ደግሞ አንዴ ከተጻፈ አለቀለት፣ አይታረምም።

በማግስቱ ከሰዓት ማዳም ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ፣ ክፍላችን ባለው አሮጌ ቴሌቪዥን ከሙፊዳ ጋር ከፈትነው። እንዳሰብኩትም ሆነ፤ የለሽም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሙፊዳ ግን ጥቂት ካየች በኋላ፣ ልጅሽ ወደዚያ በኩል የምታየው ማንን ነው አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ወደ ጎን እያየች እኮ ነው የምትስቀው፣ እዚያ ማን አለ አለች። መልሰን ከፈትነው። እውነቷን ነው። ዳቦውን ትታ፣ የሚያነሳትን ሰው ትታ፣ ዓይኗ ጠርዙ ላይ ነው። ቀጥሎ የኔ ፎቶ ይመጣል፤ እኔ በጥቁሩ መሃል ቆሜ ወደፊት አያለሁ። ስምንት ደቂቃ ሙሉ አንድም ጊዜ አልተያየንም። አንቺን ማስወጣት ቻልኩ፤ እሷን ወደኔ ማዞር ግን አቃተኝ። ሙፊዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፣ እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዲስኩን ልሰብረው ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ጓደኛዬ ውቤ ኮንትራቷን ጨርሳ ማክሰኞ ትበራለች፣ ሌላ ለማሠራት ቀን የለኝም፤ ለልጄም ይመጣልሻል ብያታለሁ። ስለዚህ በውቤ እጅ ልኬዋለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትከፍቱት ከልጄ ኋላ አትቀመጪ። ከቴሌቪዥኑ በስተግራ፣ እዚያው አጠገቡ፣ በርጩማ አድርገሽ ተቀመጪ። ፎቶው ውስጥ ሆና ዓይኗ የሚፈልግሽ እዚያ ነውና፣ እዚያው ታግኝሽ። የኔ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ በጣትሽ አሳያት፤ ካንቺ ጣት በቀር ወደኔ የሚያዞራት የለም። ይህን መጻፍ እንዴት እንዳቃጠለኝ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ለጋሽ ዘገዬ አክብሮቴንና ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የፀሐይ መነጽር በውቤ ልኬላቸዋለሁ። ለጎረቤታችሁ ለእማማ አዳነች፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚጸልዩልኝ እግራቸውን ሳሚልኝ። ፎቶዎቹን ለሚያነሳው ለተከራያችሁ ለሳሚም ሰላም በይልኝ፤ ከእንግዲህ ብቻዋን አንሳት በይው ልልሽ ነበር፣ ተዪው፣ አትበይው። ለልጄ ለቤዛዊት። ልጃችን ብዬ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ለጊዜው ልጄ በሚለው እለፊኝ። ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ስትስሚያት ግን የኔ መሆኑን ንገሪያት።

እህትሽ ዘመናይ

ሳልሚያ፣ ኩዌት
ነሐሴ 8 ቀን 2005 ዓ.ም.